የሕፃኑ እምብርት ሲወጣ፦ አዮዲኑን የት እናድርገው?

ዕትብቱ ወድቆ፣ ቁስሉም ደርቆ ሳለ የሕፃኑ እምብርት ገፋ ብሎ ይወጣል። ሲያለቅስ ይወጠራል፣ ሲተኛ ተመልሶ ይገባል። አራስ ጠያቂ የሚበዛበት ወቅት ነውና ምክር አይጠፋም። አንዷ ሳንቲም ጣል አድርጉበትና በጨርቅ እሰሩት ትላለች፤ ሌላዋ ቅቤ ታዝዛለች፤ ሦስተኛዋ ደግሞ ከፋርማሲ ያንን ቡናማ አዮዲን ገዝታችሁ ጠዋትና ማታ በጥጥ ቀቡት፣ ያደርቀዋል፣ ይዘጋዋል ትላለች። ሁሉም የሚመክሩት ለልጁ አስበው ነው።

አዮዲን ግን የወጣ እምብርት አይዘጋም። በአራስ ልጅ ቆዳ ላይ ሲደጋገም እንዲያውም ሊጎዳ ይችላል። አዮዲንና እምብርት የሚገናኙት በሌላ መንገድ ነው፤ በእናቲቱ የወጥ ጨውና በሕፃኑ አንገት ውስጥ ባለች ትንሽ ዕጢ በኩል። ይህን መመሪያ የጻፍኩት በተለይ ለቂርቆስ ክፍለ ከተማ ወላጆች ነው፤ ለመሿለኪያ፣ ለኡራኤል፣ ለካዛንቺስ ሰዎች። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ከካዛንቺስ ተነሥታችሁ ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ሰፈሮች የሄዳችሁም አልተረሳችሁም፤ የእናንተ ጉዳይ ወረድ ብሎ ይመጣል።

መጀመሪያ፦ የወጣው ምን እንደሆነ እዩ

ማህፀን ውስጥ ያለ ልጅ ምግብም አየርም የሚያገኘው በዕትብቱ ነው። ዕትብቱ ወደ ሆድ የሚገባበት ክብ ቀዳዳ ከወሊድ በኋላ ቀስ በቀስ ይጠብና ይዘጋል። ሳይዘጋ ሲዘገይ፣ ልጁ ባለቀሰ ወይም ባማጠ ቁጥር የሆድ ዕቃ ሽፋን፣ አንዳንዴም የአንጀት ጥቂት ክፍል በቀዳዳው ብቅ ይላል። ሐኪሞች የእምብርት ሄርኒያ የሚሉት ይህንን ነው። በጥቁር ሕፃናት፣ ያለ ጊዜያቸው በተወለዱና ክብደታቸው አነስተኛ በሆኑ ልጆች ላይ ይበዛል። ልጁን ስላስለቀሳችሁት የመጣ አይደለም። አዋላጇ ዕትብቱን ስለቆረጠችበት መንገድም አይደለም። እናቶች በዚህ ራሳቸውን ሲወቅሱ ስለምሰማ ነው አስቀድሜ የምናገረው።

እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ልጁ ጠብቶ፣ ተረጋግቶ፣ በጀርባው እንደተኛ በጣታችሁ ጫፍ እብጠቱን ቀስ ብላችሁ ጫኑት። ለስላሳ ከሆነ፣ ያለ ትግል ከተመለሰና ልጁ ካላመመው የተለመደው ዓይነት ነው። ከተመለሰ በኋላ የቀዳዳው ጠርዝ በጣታችሁ ይታወቃችኋል። ወሳኙ የዚህ ቀዳዳ ስፋት ነው፤ ከውጭ የሚታየው እብጠት መጠን አያታልላችሁ። ትልቅ ፊኛ የሚመስል እምብርት ሥሩ ላይ የትንሿ ጣት ጫፍ ብቻ የምታስገባ ቀዳዳ ሊኖረው ይችላል፤ እንዲህ ያለው አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይዘጋል። ስፋቱ ወደ 2 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ወይም የሚያልፍ ቀዳዳ ግን በራሱ የመዝጋት ዕድሉ ያነሰ ስለሆነ ክትትል ይፈልጋል።

ሄርኒያ የሚመስሉ ግን ያልሆኑ ነገሮችም አሉ። ዕትብቱ ከወደቀ በኋላ እምብርቱ ውስጥ ረጠብ ያለ ቀይ ሥጋ ከቀረ፣ ፈሳሽ ሳያቋርጥ ካንጠባጠበ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። በእምብርቱ ዙሪያ ያለው ቆዳ ከቀላ፣ መግል ወይም መጥፎ ሽታ ካለው፣ ልጁም ካተኮሰው ወይም መጥባት ካቆመ ኢንፌክሽን ነውና በዚያው ቀን ይታይ፤ ነገ አትበሉ።

አዮዲኑን መልሱት

የሄርኒያው ቀዳዳ ያለው ከቆዳው ሥር፣ በሆድ ግድግዳው ላይ ነው። የቀባችሁት አዮዲን የሚቀረው ቆዳው ላይ ነው፤ ጡንቻን የሚያቀራርብበት ምንም መንገድ የለውም። ቀብተው የተዘጋላቸው ወላጆች አሉ፤ እውነት ነው። ሳይቀቡም ይዘጋ ነበር፤ ከእነዚህ ልጆች አብዛኞቹ እስከ አራትና አምስት ዓመታቸው ድረስ በራሳቸው ይድናሉና።

እምነቱ ያለ ምክንያት አልመጣም። የወተት ላም የሚያረቡ ሰዎች አዲስ የተወለደ ጥጃ እምብርት ላይ ጠንካራ አዮዲን ያደርጋሉ፤ ዕትብቱን ለማድረቅና በዚያ በኩል ጀርም እንዳይገባ። እምብርቱ የመረቀዘበት ጥጃ በኋላ ሄርኒያ ሊያወጣ ስለሚችል አዮዲኑ ለጥጃው በተዘዋዋሪ መንገድ ይጠቅመዋል። የወጣውን ግን ለጥጃውም አይመልስለትም። ሐኪሞችም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሞክረውታል፤ ፈረንሳዊው ቀዶ ሐኪም ቬልፖ አዮዲንን በመርፌ ወደ ሄርኒያ ከረጢት በማስገባት ውስጡን አቁስሎ በጠባሳ ለማጣበቅ ጥሯል። አደገኛ ነበር። ንጹሕ የስፌት ቀዶ ሕክምና ሲመጣ ዘዴው ቀረ።

ጉዳቱን በቁጥር ላሳያችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ለሕፃናት በቀን ይበቃል የሚለው አዮዲን 90 ማይክሮ ግራም ነው። በየፋርማሲው የሚሸጠው ባለ 10 በመቶ ፖቪዶን አዮዲን፣ ብዙዎች ቤታዲን በሚል የንግድ ስሙ የምታውቁት፣ በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 10 ሺህ ማይክሮ ግራም ገደማ አዮዲን ይይዛል። ጥጥ አርሶ እምብርት ለመቀባት አንድ ሚሊ ሊትር ብዙ አይደለም። ሁሉም ወደ ሰውነት አይገባም፤ ነገር ግን የአራስ ቆዳ ስስ ነው፣ ያለ ጊዜው የተወለደ ልጅ ቆዳ ደግሞ ከዚያም ይብሳል፤ ከመቶ አንዱ እንኳ ቢገባ የቀን ድርሻውን ያህል ነው። አዮዲን ከመጠን ሲያልፍ የሕፃኑ ታይሮይድ ዕጢ ሥራዋን ልታቆም ትችላለች። አዋቂ ሰው ከዚህ ቶሎ ያገግማል፤ አራስ ልጅ ግን ለሳምንታት ሊቸገር ይችላል፤ ያ ጊዜ ደግሞ አንጎሉ በፍጥነት የሚያድግበት ነው። በአልኮል የተበጠበጠው የድሮው ቲንክቸር ከዚህ ሁሉ በተጨማሪ ቆዳውን ያቃጥላል።

ቀብታችሁ ከነበረ አትደንግጡ። ቆዳውን ለብ ባለ ንጹሕ ውኃ አጥባችሁ አድርቁት፣ መቀባቱንም አቁሙ። ለቀናት ስትቀቡ ከቆያችሁ፣ በተለይ ልጁ ያለ ጊዜው የተወለደ ከሆነ፣ ለባለሙያው በግልጽ ንገሩና የታይሮይድ ምርመራ ያስፈልገው እንደሆነ ጠይቁ። የምትነግሩትን ሰው ግልምጫ ፈርታችሁ አትደብቁ፤ ሐኪሙ የሚያስፈልገው መረጃ እሱ ነው።

ሳንቲሙንና መቀነቱንም አንሡ። ሕፃን የሚተነፍሰው በሆዱ ስለሆነ ጠብቆ የታሰረ ጨርቅ ያስጨንቀዋል፤ ሳንቲሙ ሥር ላብና እድፍ ይጠራቀምና ቆዳው ይቆስላል፤ ከሁሉም የሚያሰጋው ደግሞ አንጀት ተቆልፎ ቢያብጥ ከጨርቁ ሥር ማንም አያየውም። ቅቤም ቁስል ላይ ጀርም ያስገባል።

ገና እርጉዝ ከሆናችሁ፦ ለዕትብቱ ሌላ መድኃኒት አለ

ጋንዲ መታሰቢያም ሆነ ዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል፣ ወይም ጤና ጣቢያ ስትወልዱ ለዕትብቱ ጄል ሊሰጣችሁ ይችላል፤ ስሙ ክሎርሄክሲዲን 4 በመቶ ነው። በውስጡ አዮዲን የለም፤ የሚጠቅመውም ኢንፌክሽን ለመከላከል ነው። ከተሰጣችሁ በተነገራችሁ መሠረት በዕትብቱ ጫፍና ሥር፣ ብዙውን ጊዜ በቀን አንዴ እስከ ሰባት ቀን ቀቡት። ካልተሰጣችሁም ዕትብቱን ንጹሕና ደረቅ አድርጎ መተው ነው፤ የሽንት ጨርቁን ከእምብርቱ በታች እጠፉት።

አንድ ነገር አደራ። አራስ ልጅ ለዓይኑም ቲቲሲ ቅባት ይሰጠዋል። ሁለቱም በትንሽ ቲዩብ የሚመጡ ሊሆኑ ይችላሉ። የእምብርቱ ጄል ዓይን ውስጥ ገብቶ ሕፃናትን ለዓይነ ስውርነት የዳረገባቸው አገሮች አሉ። ቤት እንደገባችሁ በእስክሪብቶ ትልቅ አድርጋችሁ «ለእምብርት» ብላችሁ ጻፉበትና ለየብቻ አስቀምጧቸው። ሌሊት መብራት ጠፍቶ አያት ልትቀባ ስትነሣ የሚያድነው ይህ ጽሑፍ ነው።

አዮዲኑ የሚገባው ከድስቱ ነው

አሁን ወደ ዋናው ደረስን። ልጁ ማህፀን ውስጥ ሳለ የሚጠቀመው አዮዲን የእናቱ ነው። እናቲቱ ሲያንሳት እንቅርት ብቻ አይደለም የሚመጣው፤ ልጇ ደካማ ታይሮይድ ይዞ ሊወለድ፣ ፅንሱም ሊወርድ ይችላል። የደጋችን አፈር በዝናብ ታጥቦ አዮዲኑን ያጣ ነው። ስለዚህ ከእህሉና ከአትክልቱ የምናገኘው ጥቂት ነው፤ ጨው ላይ ካልተጨመረ ሌላ የሚያስተማምን ምንጭ የለንም።

ታሪኩን ማወቅ ይጠቅማል። ከኤርትራ ጋር ጦርነት እስከተጀመረበት እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ አብዛኛው ጨዋችን በዚያ በኩል አዮዲን ተጨምሮበት ይመጣ ነበር። ከዚያ በኋላ አገሪቱ ወደ አፋር፣ ወደ አፍዴራ ሐይቅ ጨው ዞረች፤ አዮዲኑ ግን አብሮ አልዞረም። እ.ኤ.አ. በ2005 በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት ከ6 እስከ 12 ዓመት ካሉ ልጆች ከመቶ ወደ 40 የሚጠጉት እንቅርት ነበረባቸው። መንግሥት በ2003 ዓ.ም. ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት በደንብ ቁጥር 204 አስገደደ። እ.ኤ.አ. በ2011 የሕዝብና ጤና ዳሰሳ አዮዲን ያለበት ጨው የተገኘው 15 በመቶ በሚሆኑ ቤቶች ነበር፤ በ2016 ግን 89 በመቶ ደረሰ። ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን «አለበት» ማለት «በበቂ አለበት» ማለት አይደለም፤ ለዚህ ነው የቀረው ሥራ ወጥ ቤታችሁ ውስጥ የሚሠራው።

ከሱቅ ስትገዙ የታሸገ፣ አዮዲን እንዳለበት የተጻፈበትና የምርት ቀን ያለው ጨው ግዙ። ጉሊት ላይ በጆንያ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ጨው አዮዲን ተጨምሮበት የነበረ ቢሆንም ብዙውን አጥቶት ይሆናል። አሞሌ ጨው ደግሞ መጀመሪያም አዮዲን አልገባበትም። ቤት ስታደርሱት ክዳን ባለው ደረቅ ዕቃ ውስጥ ገልብጡት፤ ከምድጃው አጠገብ፣ እንፋሎት ከሚደርስበት መደርደሪያ አርቁት፤ እርጥብ ማንኪያ አታስገቡበት። ወጥ ላይ ጨው የሚጨመረው ድስቱ ሊወጣ ሲል ይሁን። ሽንኩርቱ ሲቁላላ የገባ ጨው እስከ መጨረሻው አብሮ ይንተከተካል፤ እንፋሎቱም የአዮዲኑን የተወሰነ ድርሻ ይወስደዋል።

በርበሬና ሽሮ ስታስፈጩ ያልታሸገ ጨው አብሮ የሚደባለቅባቸው ቤቶች አሉ። ዓመቱን ሙሉ ያ ጨው ነው የሚበላው። እንግዲህ በሚቀጥለው ጊዜ በርበሬውን ያለ ጨው አስፈጩትና ጨውን ወጡ ሲደርስ ለብቻው ጨምሩ። እኔ በዚህ መመሪያ ውስጥ ካለው የቤት ሥራ ሁሉ በጣም የማምነው በዚህ ነው፤ ዋጋ አይጠይቅም፣ ደግሞም አንዴ ከተለመደ ለቤተሰቡ በሙሉ ይሆናል።

ጨው አብዙ ማለቴ ግን አይደለም። እርጉዝ ሴት በቀን 250 ማይክሮ ግራም አዮዲን ያስፈልጋታል፤ በኪሎ 30 ሚሊ ግራም አዮዲን ካለው ጨው አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ማለትም 5 ግራም፣ 150 ይሰጣታል። ቀሪውን ወተት፣ እንቁላልና ዓሣ ያግዛሉ። በእርግዝና ክትትል ላይ ተጨማሪ ያስፈልጋት እንደሆነ ትጠይቅ፤ ከደም ግፊት ጋር የምትታገል ከሆነ በተለይ።

እምብርቱ ብቻውን ነው ወይስ ከሌላ ምልክት ጋር?

የወጣ እምብርት ካለባቸው ልጆች አብዛኞቹ ምንም ሌላ ችግር የለባቸውም። ታይሮይዳቸው ደክሞ የተወለዱ ጥቂት ሕፃናት ግን ከሚያሳዩት ምልክት አንዱ ይኸው የወጣ እምብርት ነው፤ የሆድ ጡንቻቸው ስለሚላላ። ስለዚህ እምብርቱን ባያችሁ ጊዜ ልጁን ሙሉውን እዩት። ዓይኑና ቆዳው ከሁለት ሳምንት በላይ ቢጫ ሆኖ ቆይቷል? ሆዱ ይደርቃል? ጡት ሲይዝ ቶሎ ይደክመዋል? ለቅሶው የጎረነነ ነው? ምላሱ ተልቆ ከአፉ ይወጣል? ቆዳው ቀዝቃዛና ደረቅ ነው? እርግብግቢቱ ሰፋ ያለ ነው? ሲያነሡት ይዝላል? ከእነዚህ ጥቂቱ እንኳ ከእምብርቱ ጋር ከተገናኙ የታይሮይድ የደም ምርመራ ይደረግለት በሉ።

አንዱ ምልክት በቀላሉ ያመልጣል። ቀን ከሌት የሚተኛ፣ የማያለቅስ ልጅ በሰፈራችን ይመሰገናል፤ «ጨዋ ነው፣ እናቱን አያስቸግርም» ይባልለታል። ለጡት እንኳ እየቀሰቀሳችሁት ከሆነ ይህን ምስጋና አትቀበሉ።

በብዙ አገሮች በተወለደ በጥቂት ቀናት ከተረከዙ ጠብታ ደም ተወስዶ ይመረመራል። እኛ ዘንድ ብዙ ሕፃናት ይህ ሳይደረግላቸው ነው ወደ ቤት የሚሄዱት፤ ስለዚህ ጠይቆ ማስመርመር የወላጅ ድርሻ ይሆናል። ከተገኘበት መድኃኒቱ ሊቮታይሮክሲን የሚባል ክኒን ነው፤ በእናት ጡት ወተት ወይም በውኃ ተፈጭቶ በየቀኑ ይሰጣል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የተጀመረለት ልጅ እንደ እኩዮቹ ይማራል፤ ለወራት የዘገየበት ግን አእምሮው ላይ የማይመለስ ጉዳት ሊደርስበት ይችላል። እንዲህ ያለውን ልጅ እምብርት በአዮዲን መቀባት በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው፤ የደከመችውን ዕጢ የበለጠ ያደክማታል።

ክትትሉን ከክትባቱ ጋር አያይዙት

ለእምብርቱ ብቻ መመላለስ አያስፈልግም። በስድስት፣ በአሥርና በአሥራ አራት ሳምንት፣ ከዚያም በዘጠኝ ወር ለክትባት ትሄዳላችሁ። በእነዚህ ቀናት እምብርቱን አሳዩ፤ የቀዳዳው ስፋት ካርዱ ላይ ይጻፍላችሁ። እየጠበበ ከሄደ ደስ ይበላችሁ፤ ሌላ ምንም አታድርጉ።

ካዛንቺስ ወይም መሿለኪያ ጤና ጣቢያ ትከታተሉ የነበራችሁና አሁን የተዛወራችሁ፣ የክትባት ካርዱን ይዛችሁ በአዲሱ ሰፈራችሁ ባለው ጤና ጣቢያ ተመዝገቡ። ካርዱ በዕቃ ማጓጓዙ ከጠፋም ክትትሉ አይቋረጥ፤ የምታስታውሱትን ተናግራችሁ አዲስ ካርድ አውጡ። የጤና መድኅን ካላችሁ የአባልነቱን አድራሻ ማስቀየር አትርሱ፤ ወደ ሆስፒታል የሚያደርሰው የሪፈር ወረቀት የሚጻፈው ከጤና ጣቢያው ነው።

የማይጠብቅ ሰዓት

እብጠቱ ከጠነከረ፣ ከቀላ ወይም ከጠቆረ፣ ሲነካ ልጁ ከጮኸ፣ እንደ ወትሮው አልመለስ ካለ፣ ካስመለሰው፣ በተለይ አረንጓዴ ነገር ካስመለሰው፣ አንጀት ተቆልፎ ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም አይደለም፤ ሲያጋጥም ግን ሰዓታት ይወስናሉ። በግድ ለመመለስ አትጫኑት። ሐኪም እስኪያየው በአፉ ምንም አትስጡት። ጤና ጣቢያ ወረፋ ሳትጠብቁ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፤ ትራንስፖርት ካጣችሁ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ላይ ደውሉ።

ቀዶ ሕክምና ከታዘዘ

ልጁ አራት ወይም አምስት ዓመት ሞልቶት ቀዳዳው ካልተዘጋ፣ ወይም ከዚያ በፊትም በጣም ሰፊ ሆኖ ካልቀነሰ፣ የሕፃናት ቀዶ ሐኪም ይየው። ጥቁር አንበሳ የሕፃናት ቀዶ ሕክምና ያለበት ሆስፒታል ነው፤ ሪፈር ይዛችሁ ቀጠሮ ያዙ። ሥራው አጭር ነው፤ ልጁ በማደንዘዣ ይተኛል፣ ከእምብርቱ ሥር በትንሹ ተቀድዶ ቀዳዳው በስፌት ይዘጋል፣ ሌላ ሕመም የሌለበት ልጅም ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይሄዳል። ከማደንዘዣው በፊት ስንት ሰዓት መጾም እንዳለበት ጠይቃችሁ በትክክል ጠብቁ። ቀዶ ሐኪሙ ከመጀመሩ በፊት ሆዱን በፖቪዶን አዮዲን ሊያጸዳው ይችላል፤ አንዴ፣ በተለካ መጠን፣ በትልቅ ልጅ ቆዳ ላይ ስለሆነ ከላይ ያልኩት ስጋት እዚህ የለም። ልጁ የታይሮይድ ችግር ካለበት ግን አስቀድማችሁ ንገሩ። ቤት ከገባችሁ በኋላ ፋሻውን ደረቅ አድርጉ፤ ካልታዘዘላችሁ አዮዲንም ሆነ ሌላ ነገር አትቀቡበት።

እናቲቱም የራሷን እምብርት ትመልከት። ደጋግማ የወለደች ሴት እምብርቷ ከወጣ፣ እንደ ልጇ በጊዜ ብዛት አይዘጋም፤ ከባድ ስታነሣ ወይም ስታስል እያደገ ሊሄድ ይችላል። መቼ በስፌት ቢዘጋ እንደሚሻል፣ ሌላ ልጅ ማርገዝ ታስብ እንደሆነ ጭምር፣ ከቀዶ ሐኪም ጋር የሚመከርበት ነው። ልጁን ለክትባት ስትወስዱ ለእሷም በዚያው ቀን ካርድ አውጡላት።